በጸሎት ሰዓት የመጣው መብራት

ፔኒን ከመብራት ምሰሶው ላይ ሲያወርዱት የመንደሩ መዝሙር ገና አላለቀም ነበር።

ኢንስፔክተር ሴጋ በቅርብ ነበረች። አውሎ ነፋሱ ጣሪያ ላሳጣቸው የጎረቤት መንደር ሰዎች ሸራ ስታከፋፍል ውላ፣ ጥሪው ሲደርሳት መኪናዋን አስነስታ ፋጋቱይ መንደር መግቢያ ላይ ስትደርስ ቀኑ ጨርሶ አልመሸም። ልጁ የኮኮናት ቅጠል ላይ ተጋድሟል። ቀኝ እጁ ጓንት እንደለበሰ ነው፤ የግራው ጓንት ተቃጥሎ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። የመስመር ሠራተኞቹ አለቃ ሌኦታ፣ ሽበታም ግዙፍ ሰውዬ፣ አጠገቡ ተንበርክኮ የልጁን ባርኔጣ በሁለት እጁ ይዟል።

«መስመሩ ሙት ነበር ልጄ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ። ሙት ነበር ስልሽ!»

«ሙት መስመር ሰው አይገድልም፣ ጋሼ ሌኦታ።»

«እሱን ነው እኮ እኔም የምለው!»

አውሎ ነፋሱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦውን በጥሶት ነበር። ፔኒ የተበጠሰውን እየቀጠለ ሳለ ነው የተመታው። ሴጋ አንገቷን ቀና አድርጋ አየች። ከኃይል ማመንጫው በሚመጣው ጫፍ ላይ የመሬት ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ያ ገመድ በድንገት የሚመጣን ኤሌክትሪክ ወደ አፈር የሚያወርድ ነው። ወደ መንደሩ በሚሄደው ጫፍ ላይ ግን ምንም የለም።

«ከመንደሩ በኩል ለምን አላሰርክም?»

ሌኦታ ባርኔጣውን አገላበጠ። «ከመንደር ምን ይመጣል? መንደር መብራት ይበላል እንጂ አያመነጭም።»

«ጀነሬተር ያላቸው የሉም?»

«አሉ እንጂ! ግን ሳ ነበር እኮ፣ ደወሉ ተመትቷል። በሳ ሰዓት ተነስቶ ጀነሬተር የሚነካካ ማን አባቱ ነው?»

እውነቱን ነው። በእኛ በሳሞአ ሳ፣ የማታው የጸሎት ሰዓት፣ ቀልድ አይደለም። ጀምበር ስትጠልቅ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ላይ የተሰቀለው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር በመዶሻ ይመታል፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ቤቱ ይገባና ይጸልያል። ጎረምሶቹ መንገዱ ዳር ይደረደራሉ። ሁለተኛው ደወል እስኪመታ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ሚኒስትርም ቢሆን መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል።

«አንተስ ታዲያ በሳ ሰዓት ምሰሶ ላይ ሰው ታወጣለህ?»

«ይሄ ምሰሶ እኮ ከወሰኑ ውጭ ነው» አለ፣ መንገዱ ዳር ነጭ ቀለም የተቀባውን ድንጋይ በአገጩ እያሳየ። «ለመንደሩ ታላቅ አለቃ ለቱይማቫ ደወል ሲመታ እናቆማለን ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ግን የቀረችው አንዲት ማሰሪያ ብቻ ነበረች። ከድንጋዩ ወዲህ ስለሆንን አይቆጠርም አልኩ። ልጁ ደግሞ የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ እናቴ ዛሬ በመብራት ታምሽ ብሎ ለመነኝ። ምን ልበለው?»

«ትራንስፎርመሩ ጋ ሄደህ ፊውዞቹን ብታወርድስ ኖሮ?»

«ትራንስፎርመሩ ቱይማቫ ደጅ ነው። ደወል ከተመታ በኋላ ማን ያሳልፈኛል?»

«ልጁ መቼ ተመታ?»

ሌኦታ ዓይኑን ጨፈነ። «መዝሙሩ ላይ። ሁለተኛውን ቤት ሲያነሱ፣ የመንደሩን በኩል ሽቦ ገና እንደያዘ። ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል፤ እሱም ከላይ ሆኖ አብሯቸው ያንጎራጉር ነበር።»

ሴጋ ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም። የምትጠይቀው መንደሩ ውስጥ ነው፤ ገዳዩ መብራት የወጣው ከዚያ ነዋ።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ጥፋተኛው ራሱ ጠበቃት። ማታኡ ይባላል። ድሮ የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት ተባረረ፤ አሁን መጠጡን ትቶ ሬዲዮና ማራገቢያ እየጠገነ ይኖራል። ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ በሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ገመድ ተጠቅልሎ አለ። ያን ገመድ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። አንዱን ጫፍ ጀነሬተሩ ላይ፣ ሌላውን የቤቱ ሶኬት ላይ ይሰካና ቤቱን ያበራበታል። ይህን የሚያይ ባለሙያ ፀጉሩ ይቆማል።

«እየጠበቅኩሽ ነበር» አላት። «እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን?»

«የኤሴታን ልጅ ፔኒን የገደልኩት። ይኸው ገመዱ።»

ሴጋ አጠገቡ ተቀመጠች። «ቀስ ብለህ ንገረኝ። ምን አደረግክ?»

«ዋናውን ማጥፊያ ሳላወርድ ሰካሁት መሰለኝ። ደወሉ ሊመታ ሲል ጀነሬተሩን አስነሳሁ። አምፖሉ ብልጭ አለና ድርግም። የጀነሬተሯ ብሬከር ወደቀ። ወዲያው ደወል ተመታ፤ ትቻት ለጸሎት ገባሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

«ብሬከሩን መልሰህ አነሳኸው?»

«ኧረ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ከምን ተነስተህ ነው እኔ ነኝ የምትለው?»

ማታኡ መራራ ሳቅ ሳቀ። «ተዪኝ እባክሽ። ስንት ጊዜ ተመክሬ አልሰማሁም። በዚህ መንደር እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ከተባለ ከእኔ ሌላ የማን ስም ይነሳል? አንቺስ ማንን ብለሽ መጣሽ?»

እውነት ነው፤ እሱን ብላ ነው የመጣችው። አፈረች።

ከቤቱ ውስጥ ሚስቱ የክብር ምንጣፎቻቸውን እያወጣች ትዘረጋለች። ሴጋ ምንጣፎቹን ስታይ ገባት። ለኢፎጋ እየተዘጋጁ ነው። የገዳይ ቤተሰብ ጎህ ሲቀድ የሟች ቤት ደጅ ሄዶ፣ ራሱን በምንጣፍ ሸፍኖ ይንበረከካል። የሟች ወገን ምንጣፉን ካነሳላቸው ምሕረት ነው። ካላነሳላቸው ፀሐዩም ዝናቡም ድንጋዩም የእነሱ ነው።

«አትቸኩሉ» አለች ሴጋ። «ምርመራዬን አልጨረስኩም።»

«የምንንበረከከው የቀብሩ ማግስት ጠዋት ነው» አለ ማታኡ። «በዚያው ቀን ሸንጎው ይቀመጣል። አስቀድመን ካልተንበረከክን ቤታችንን አቃጥለው ነው የሚያስወጡን። አባቴ ከፍራሽ አይነሳም ሴጋ። እሱን ተሸክሜ የት እሄዳለሁ?»

* * *

የፓስተሩ ሚስት እትዬ ሩታ ኮኮ የሚባል ትኩስ ካካዎ የሞላበት ኩባያ እጇ ላይ አኑረው፣ እስክትጠጣው አንድ ቃል አልተነፍስም አሉ። ጠጣች።

«በሳ ሰዓት ምን አዩ፣ እትዬ ሩታ?»

«መብራት መጣ!» አሉ ሴትዮዋ። «ባለቤቴ መጽሐፍ እያነበበ ሳለ ቦግ አለ። ልጆቹ 'መብራት መጣ!' ብለው ጮኹ፤ ቆንጥጬ ዝም አሰኘኋቸው። ወዲያው ድርግም አለ። እነሱ በመጮሃቸው እግዜር የቀጣን መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ንባቡ አለቀ፣ መዝሙር መረጥን። መዝሙሩን ስንጀምር መልሶ መጣ። እንደገና አልጠፋም፤ ጩኸቱ እስኪሰማ ድረስ በራ።»

ሴጋ ኩባያውን አስቀመጠች። «እርስዎ ቤት ብቻ?»

«መንደሩ በሙሉ ነው እንጂ! ግድግዳ የለን፣ ሁሉም ይታያል። ከባሕሩ ዳር እስከ ላይኛው ሠፈር ቦግ አለ። ተመስገን ብለን ድምፃችንን ከፍ አድርገን...» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በስመ አብ! ያ ነው እንዴ? ልጁ የሞተው በዚያ ነው?»

ሴትዮዋ በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ።

«የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀነሬተር ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ቁልፉ ያውልሽ፣ እዚያ ሚስማር ላይ። ጀነሬተሩማ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ካስጠጋን ወዲህ ቀንም ማታም ሲያጓራ ነው።»

ቁልፉ ያለው የፓስተሩ ቤት ነው። ሴጋ ይህን አስባ ደነገጠች፤ ፓስተርን መጠርጠር ማለት መንደሩን በሙሉ ማስቀየም ነው። ግን ሥራ ሥራ ነው።

«ፓስተሩ በጸሎቱ መሃል ወጣ አላሉም?»

እትዬ ሩታ ተቆጡ። «ንባብ እያነበበ? የጎረቤት ልጆች በሙሉ ፊቱ ተቀምጠው? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ቁልፉንማ ማንም አላፊ አግዳሚ ያነሳዋል፤ በር የለው ምን የለው።»

* * *

ቱይማቫ በክብር ነው የተቀበሏት። የመንደሩ ታላቅ አለቃ ናቸው፤ ባሕሩ ዳር ያለው የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤትም የእሳቸው ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ቀኝ መዳፋቸው በጨርቅ ታስሯል።

«ምን ሆነው ነው?»

«የኡሙ ምድጃ ድንጋይ ነው። ለሐዘንተኛው ምግብ ስናሰናዳ አቃጠለኝ» አሉና ሌላ ጨዋታ አነሱ። የጋለ ድንጋይ የሚያቃጥለው ሰው ብዙ ነው፤ ሴጋም አለፈችው።

«ትናንት ማታ የእርስዎ ጀነሬተር ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር። ዓሣዬን ምን ሊያቆየው ኖሯል? ግን የእኔ መቀያየሪያ ሳጥን አለው። ወይ ከመስመር ይወስዳል፣ ወይ ከጀነሬተር፤ ሁለቱን አያገናኝም። የዕድሜዬን ግማሽ ኦክላንድ ውስጥ በማቀዝቀዣ ጥገና ነው የጨረስኩት፤ ይህን አልስትም።»

«መንደሩ በሙሉ በርቶ ነበር።»

«ማታኡን ጠይቂው። አምኗል አሉ።» ሽማግሌው ወደ ባሕሩ ዞሩ። «የሸንጎውን ሥራ አታዘግዪብን ልጄ። ከቀብሩ ማግስት እንቀመጣለን። ቤተሰቡ ከመንደር ይወጣል፣ የታሮ እርሻው ይነቀላል። ያንቺ ሕግ ደግሞ የራሱን ይበል።»

«ጥፋተኛው እሱ ባይሆንስ?»

«ነኝ ያለን ሰው አይደለህም ማለት የኔ ሥራ ነው?»

ሴጋ ተሰናብታ ወጣች። ነኝ ያለን ሰው አይደለህም ማለት ግን የእሷ ሥራ ነበር፤ እስኪጣራ ድረስ ከዚህ መንደር ንቅንቅ አልልም አለች ለራሷ።

* * *

የመብራት ኃይሉ መሐንዲስ ፊሎ በከሰዓቱ ጀልባ መጣች። አጭር፣ ለፍላፊ፣ ሳጥኗን በትከሻዋ የተሸከመች ልጅ ናት። ከሴጋ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው ያደጉት።

«ፖሊስ ሆነሽም ከስተሻል» አለቻት። «ባል አጣሽ ወይስ ታሮ?»

«መልስ ነው ያጣሁት። ነይ።»

ማታኡ ደጅ ሰው ተሰበሰበ። ፊሎ ትንሿን ጀነሬተር አስነሳችና ሴቶቹ ያመጡላትን ካውያዎችና ማፍያዎች አንድ ላይ ሰካቻቸው። ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወደቀ። አነሳችው፤ አሁንም ወደቀ።

«አያችሁ?» አለች ፊሎ ለተሰበሰበው። «ይህቺን መስመሩ ላይ ብትሰኳት የመንደሩ ፍሪጅ ሁሉ እየጎተተ ይወድቅባታል። ከአቅሟ በላይ ሲጠይቋት ብሬከሩ ያጠፋታል። እንኳን መንደር፣ ዶሮ ቤትም አታበራ!»

ሰዉ ሳቀ። ማታኡ አልሳቀም። «ገመድህን ግን በመጋዝ ነው የምቆርጠው» አለችው ፊሎ፤ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ሴጋ ጠየቀቻት። «የቤት ጀነሬተር እንዴት ብሎ ነው የላይኛውን መስመር ሕያው የሚያደርገው?»

«ትራንስፎርመር ወደ ሁለቱም በኩል ይሠራል። ከላይ ትልቁን ጉልበት ተቀብሎ ለቤት ቀንሶ ያወርዳል። ከታች ብትገፊው ደግሞ በዚያው ልክ አብዝቶ ወደ ላይ ይሰዳል። ለዚህ ነው በመካከል መቀያየሪያ ሳጥን የሚያስፈልገው፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ፊውዝ። ከልኩ በላይ ሲሄድ ፊውዙ ይቀልጣል፣ ነገሩ ያበቃል።»

«ካልቀለጠስ?»

«ካልቀለጠ ፊውዝ አይደለም።»

የአዳራሹ ጀነሬተር ከኋላ ባለች ዳስ ውስጥ ያጓራል። አስቆሙትና የመቀያየሪያውን ሳጥን ከፈቱ። ሦስቱም ፊውዞች በቦታቸው ናቸው፤ ሽቦዎቹም በሥርዓት ታስረዋል። ሴጋ ወሽመጧ ተቆረጠ። መንደሩ ሁለት ጊዜ መብራቱን፣ የመጀመሪያው ብልጭታ ወዲያው መጥፋቱን፣ ሁለተኛው መቆየቱን እያሰበች ነበር የመጣችው። የመጀመሪያው ጊዜ ፊውዝ ቀለጠ፤ ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን ምን አደረገ?

ፊሎ ግን ባትሪዋን ወደ ውስጥ አብርታ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ስትል ነገር አለ ማለት ነው።

«ምንድን ነው?»

«መቆንጠጫዎቹን ተመልከቺ። ጥቀርሻ አለ። መዳብም ተልሷቸዋል። የመዳብ ቱቦ ቆርጦ በፊውዙ ፈንታ ያስገባ ሰው አለ። ይሄ ወፍራም ሽቦ ደግሞ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል፤ ብሎኑ አዲስ ተፍቋል። የጀነሬተሩን ጉልበት ወደ መንደሩ መስመር አገናኝተውታል።»

«ፊውዞቹስ? በቦታቸው ናቸው እኮ።»

ፊሎ አንዱን ነቅላ አገላበጠችው። «ቦታቸው ይህ አይደለም። የሚሸከሙት ጉልበት ለዚህ ጀነሬተር የበዛ ነው፤ ከዚህ ለሚበልጥ የሚሆኑ ናቸው። ኋላ ለማስመሰል የተተኩ ናቸው።»

ሴጋ ፊውዙን ተቀብላ መዳፏ ላይ ያዘችው። አንድ ሰው በጨለማው ሳይሆን በጸሎቱ ተሸፍኖ እዚህ ቆሟል። የመጀመሪያው ሲቀልጥበት ማቆም ይችል ነበር፤ ፊውዙ ተው ብሎታል። እሱ ግን ፊውዙን አውጥቶ መዳብ አስገባ። ፔኒ የሞተው በሁለተኛው መብራት ነው።

* * *

ፔኒ በማግስቱ ተቀበረ። እናቱ ኤሴታ አላለቀሱም፤ መቃብሩ ዳር ቁጭ ብለው አፈሩን በመዳፋቸው ያስተካክሉ ነበር፤ ሰዉም ደፍሮ አላናገራቸውም።

ቱይማቫ ለለቅሶው ዓሣ ላኩ። ቅርጫት ተከትሎ ቅርጫት፣ ማቀዝቀዣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ እስኪመስል ድረስ። ሰው አመሰገነ። እትዬ ሩታ ግን ቢላቸውን እየሳሉ፣ «ጭራ የማይሰጥ ሰው ዛሬ ባሕሩን ሰጠን» አሉ በሹክሹክታ። ቀጥለውም ሴቶቹን ጮኹባቸው። «ቶሎ በሉ እንጂ! ለስልሷል፤ እስከ ነገ አያድርም!»

ሴጋ ከጎናቸው ታሮ እየላጠች ነበር። እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰዳ አንዱን ቱና በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጣቷ ገባ። ሌላውንም ጫነችው፤ እሱም ያው ነው።

«ይሄ ዓሣ በረዶ አልነበረም እንዴ?»

«በረዶው ከቀለጠማ ቆየ» አሉ ሩታ። «ሽታውን አታሸቺም?»

ሴጋ ቢላዋን አስቀመጠች። ፊሎን በዓይኗ ጠርታ፣ ሰው ሁሉ ለመዝሙር ሲነሳ ሁለቱ በባሕሩ ዳር አድርገው ወደ ማቀዝቀዣ ቤቱ ሄዱ። የቱይማቫ ጀነሬተር ከቤቱ ጀርባ ቆሟል። ትልቅ ነው፤ በመንደሩ ከዚህ የሚበልጥ የለም። እስከ ወገቡ የባሕር ጭቃ ደርቆበታል። ፊሎ ጎንበስ ብላ የጭሱን ቱቦ በመፍቻ መታ መታ አደረገችው። አንድ ሸርጣን ወጣና ተቆጥቶ አያቸው፤ ከዚያም ተመልሶ ገባ።

«ቤት ሠርቷል» አለች ፊሎ። «አውሎ ነፋሱ ከመጣ ጀምሮ ይሄ ነገር አልተነሳም። ሊነሳም አይችልም።»

«ሳጥኑን ክፈቺው።»

የመቀያየሪያው ሳጥን ተከፈተ። የፊውዞቹ ቦታ ሦስቱም ባዶ ነው።

ሴጋ ከኪሷ የአዳራሹን ፊውዝ አውጥታ አንደኛው ቦታ ላይ አስገባችው። ልክክ አለ።

* * *

ጎህ ሲቀድ ማታኡና ቤተሰቡ ኤሴታ ደጅ ተንበርክከው ነበር። ምንጣፉ ሁሉንም ሸፍኗል፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ በቃሬዛ ያመጡትን ሽማግሌ አባቱን። ኤሴታ ቤት መጋረጃው ወርዷል። የሚያነሳላቸው አልመጣም። ሴጋ ነገሩን በሌሊት ልታስቆመው ፈልጋ ነበር፤ ማታኡ ግን እምቢ አላት። «በዚህች መንደር ፖሊስ ንጹሕ ነህ ስላለኝ ንጹሕ አልሆንም» ነበር ያላት።

አለቆቹ ፊት ለፊት ባለው የሸንጎ ቤት ተሰብስበዋል፤ እያንዳንዱ በየምሰሶው ሥር። ቱይማቫ ከታላቁ ምሰሶ ሥር ናቸው። ሴጋ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ቁጭ ብላ እግሯን አጣጠፈች፣ ሽርጧን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። ፊሎ ከውጭ ቀረች።

«ከመፍረዳችሁ በፊት ልናገር» አለች። «ፍቀዱልኝ።»

«ተናገሪ» አሉ ቱይማቫ።

«ማታኡ አይደለም። የእሱ ጀነሬተር ብሬከሩ የወደቀው ደወሉ ሳይመታ ነው፤ መንደሩንም ማብራት አትችልም። ፔኒ የሞተው መዝሙሩ ላይ፣ በሁለተኛው መብራት ነው። ያ መብራት ከአዳራሹ ጀነሬተር ነው የመጣው። በፊውዙ ቦታ መዳብ ገብቶበት።»

በቤቱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ፓስተሩ ክው አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ቱይማቫ» አለች ሴጋ። «እጅዎን ምን አቃጠለው?»

«ነግሬሻለሁ። ኡሙ ነው።»

በሸንጎው ውስጥ ይህ ያልገባው ሰው አልነበረም። ኡሙ የሚያነዱት፣ ድንጋዩን የሚያገላብጡት ማዕረግ የሌላቸው ጎረምሶች ናቸው። ታላቅ አለቃ የኡሙ ድንጋይ ከነካ፣ አገሩ ተገልብጧል ማለት ነው። ከጥጉ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አለቃ ዓይናቸውን ወደ ቱይማቫ እጅ ጣሉ፤ ከዚያ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«እኔም ሳሞአዊት ሆኜ አልፌው ነበር» አለች ሴጋ፣ «ለዚህ ራሴን አልምርም። ያቃጠለዎት የመጀመሪያው ፊውዝ ሲፈነዳ ነው። የእርስዎ ጀነሬተር ውስጥ ሸርጣን ቤት ሠርቶበታል። ዓሣዎ እየቀለጠ ነበር። ሁሉም ሰው በጸሎት ላይ ሳለ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሱ። ጎረምሶቹ በእርስዎ ትእዛዝ ነው የሚቆሙት፤ እርስዎን ማን ወዴት ይላል? የአዳራሹን ጉልበት በመንደሩ ሽቦ አድርገው ወደ ማቀዝቀዣዎ ሊወስዱ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ መዳቡን ነቀሉ፣ የራስዎን ፊውዞች አምጥተው ተኩ። የፊውዞቹ ልክ ግን ለአዳራሹ ጀነሬተር የበዛ ነበር። እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

ቱይማቫ የተናገሩት በዚያው ዝግ ባለ ድምፃቸው ነው።

«ሳ ነበር» አሉ። «ሌኦታ ደወሉ ሲመታ እናቆማለን ብሎ ቃል ሰጥቶኛል። በዚህ መንደር ከአያቶቼ ጀምሮ በሳ ሰዓት ምሰሶ ላይ የወጣ የለም። ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ሌኦታም ከድንጋዩ ወዲያ ሆኖ ያለው ያንኑ ነው። በሳ ሰዓት ጀነሬተር የሚነካ የለም አለ። የመሬት ገመድ ማሰር ሲገባው ሳን ተማመነ። እርስዎም ፊውዙ ተው ሲልዎት ሳን ተማመኑ። ሁለታችሁም በጸሎት ተደገፋችሁና በመካከላችሁ ልጁ ሞተ።» ሴጋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ይህን አደጋ ነው ልበል። እሺ። ያ ደግሞ አደጋ ነው?»

እጇን ወደ ኤሴታ ደጅ ዘረጋች። ፀሐይዋ ወጥታ ምንጣፉን ማጋል ጀምራለች። ከሥሩ አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

«ሰውየው ያላደረገውን አምኖ በእርስዎ ፈንታ ተንበርክኳል። እርስዎ ደግሞ እዚህ ተቀምጠው ሊያባርሩት ነው።»

ቱይማቫ ምሰሶውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። አለቆቹ የተቀመጡበትን መሃል አቋርጠው ወጡ፤ ያስቆማቸው የለም። ምንጣፉ ጋ ሲደርሱ በታሰረው እጃቸው ጫፉን ይዘው ከማታኡ ራስ ላይ ገለጡት። ማታኡ ቀና ብሎ አያቸው፤ ምን እንደሆነ አልገባውም።

«ተነስ» አሉት። «ይሄ የኔ ቦታ ነው።»

ማታኡ ከተነሳበት ላይ ተንበረከኩ፤ ምንጣፉንም በራሳቸው ላይ ጣሉ።

* * *

ሴጋ ካቴናዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ነበር። መልሳ ከተተችው። ፊሎ፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት።

«አይሸሽም» አለች ሴጋ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለኝም።»

ከምንጣፉ አጠገብ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች። ማታኡ አባቱን ተሸክሞ ቤቱ ገባ፤ ጎረቤቶቹ እየተከተሉ ምግብ ወሰዱለት፤ ትናንት ሰላም ያላሉት ሁሉ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትሩ አለፈ። ሌኦታ መጥቶ ብዙ ቆመ፤ ከዚያ እሱም ከሽማግሌው አጠገብ ምንጣፍ ሳይሸፈን ተንበረከከ፤ ተው ያለውም አልነበረም። የኤሴታ መጋረጃ አልተከፈተም።

ጀምበር ስትዘቀዝቅ ደወሉ ተመታ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ። ጎረምሶቹ ወደ መንገዱ ዞረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከየቤቱ ጸሎት ተጀመረ፤ መብራት የለም፣ የኩራዝ ብርሃን ነው።

መዝሙሩ ሲነሳ ኤሴታ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። በሳ ሰዓት ነው የወጡት፤ በዚህ ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ሴጋ ልትነሳ ስትል በእጃቸው ተቀመጪ አሏት። ምንጣፉ ጋ ሄደው ቆሙ።

«ቱይማቫ» አሉ። «ያን ማታ መብራቱ ሲመጣ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?»

ኤሴታ ወደ ምንጣፉ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ተመስገን አልኩ። ልጄ ነው ያበራልኝ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ ተመስገን አልኩ። እሱ በዚያችው ሰዓት እየተቃጠለ ነበር። ያንን ተመስገን ከእግዜር ማን ይመልስልኛል?»

ሌኦታ ግንባሩን መሬት አስነካ። ኤሴታ መዝሙሩ ሁለተኛው ቤት ላይ እስኪደርስ ጠበቁ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ከሽማግሌው ላይ አነሱ፤ በሌላው እጃቸው የሌኦታን ክንድ ይዘው አስነሱት። ምንጣፉን ሳያጥፉ ሣሩ ላይ ጣሉት።

«እኔ ጨርሻለሁ» አሏት ሴጋን። «አሁን ያንቺ ነው። መዝሙሩ ይለቅና ውሰጂው።»